ከጦቢያ እስከ ሰብለ ወንጌል፦ የፍቅር ልብ ወለድ የሚናቅ ነገር ነውን?

«ስንት ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ እያለ እናንተ የፍቅር ወሬ ታነባላችሁ?» ይህን ነቀፌታ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን የለም። ነቃፊዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለአገር እናስባለን የሚሉ፣ ጊዜ በከንቱ ሲባክን የሚቆጫቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ተነቃፊዎቹ ነን። ጠንቋይና ዘንዶ፣ ደም መጣጭና ልዕልት የሞሉበትን መጽሐፍ ነገ ፈተና እያለ ሌሊቱን ሙሉ አንብበን የጨረስን ነን። ከመካከላችን አንዷ መጽሐፏን በጋዜጣ ሸፍና ነው ይዛ የምትዞረው፤ ሽፋኑ እንዳይታይባት። «ምን ያሳፍርሻል?» ብንላት፣ «የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ንግሥት አለች፤ ተነሥታ መንገድ የወጣች ልጅ ግን ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ እዚህ ባነባት ምን አለበት?» አለችን። ይህችን ንግግር ይዘን ወደ ኋላ መለስ ብለን ልንመረምር ተነሣን።

አንደኛ ነገር፣ ተአምረኛ ታሪክ ትናንት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። አባቶቻችን በግዕዝ «ዜና እስክንድር»ን ሲያነቡ ኖረዋል። እዚያ ውስጥ የመቄዶንያው ንጉሥ ክርስቲያን መስሎ ይቀርባል፤ ወደ ጨለማ ምድር ይዘልቃል፣ የሕይወት ውኃ ይፈልጋል፣ ጎግና ማጎግን በበር ይዘጋባቸዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» ደግሞ መከራና ሞት እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ሥሩ ሲፈለግ እስከ ሕንዱ ቡድሃ ድረስ ይሄዳል። የአባቱን አጥር ሰብሮ ዓለምን ላውቅ የሚል ወጣት! ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚሸጠው የወጣቶች ልብ ወለድ ዋና ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነውን? አይመስለንም።

ሁለተኛ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተወለደው በፍቅርና በጀብዱ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ሲታተም አርእስቱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ ለዘርፉ ሁሉ የምንጠቀምበት ስም ከዚያው አርእስት የወጣ ነው። እኛ ግን መጽሐፉን የምናውቀው በጀግናይቱ ስም፣ «ጦቢያ» ብለን ነው። ታሪኩን እናስታውስ። የክርስቲያኑ ጦር በአረመኔው ንጉሥ ጦር ድል ይሆናል፤ የጦር አለቃውም ይማረካል። በአንድ ቸር ነጋዴ ገንዘብ ነፃ ይወጣል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቆ ይሸጣል። ይሄኔ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ንጉሡ ሴትነቷን ሲያውቅ እሱም ይወዳታል፤ በመጨረሻም ሃይማኖቱን ለውጦ ያገባታል።

«ይሄ እኮ ተረት ነው!» ትላላችሁ። ተረት ነው፤ አገሩና ዘመኑ በውል አይታወቅም፣ የሚገጣጠመውም ነገር ይበዛል። ነገር ግን ዋሕድ የወደቀበት የባሪያ ገበያ ተረት አልነበረም። መጽሐፉ ሲታተም ሰው በአገራችን ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። የመኳንንት ልጅ ራሱ ተሽጦ ሲገኝ አንባቢው «ለካስ በእኔም ልጅ ይደርሳል» እንዲል ያደርገዋል። ይህን ለማሰኘት ተረት ከስብከት ይልቅ ይቀላል።

ስለ ደራሲው ግን ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ኢጣሊያ ሥዕል የተማረ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማረ፣ ቋንቋውን እንደ ሸማ የሚፈትል ሰው ነበር። በወረራው ዘመን ግን ከጠላት ጋር ቆመ። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። ሆኖም ልጂቱ ከደራሲዋ ትበልጣለች ብለን እናምናለን። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ፣ እሱ ያላደረገውን አድርጋለች።

ሦስተኛው ምስክራችን ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ከአርእስቱ ብንነሣ የፍቅር መጽሐፍ ነው፤ ውጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲያነበው አገር ያዳመጠውም ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ልቡ ስለ ተነካ ነው። ግን እስቲ ሆዱን ገልጠን እንየው። ገበሬዎቹ «ተጨማሪ ግብር አንሰጥም» ብለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት እዚያው ውስጥ ነው። ጉዱ ካሣ የዘመዶቹን የዘርና የማዕረግ ትምክሕት የሚዘልፈውም እዚያው ነው። የመሬት ጥያቄና የፍቅር ጥያቄ በአንድ ቤት ያድራሉ። ገበሬውን «ግብር ጨምር» የሚለው አፍ፣ ልጁን «የሚመጥንሽ ባል የለም» የሚላት ያው አፍ ነው። እንግዲህ የፍቅር መጽሐፍ ከትግል ያዘናጋል የሚለውን ክስ ከየት አመጣችሁት?

ሰብለ ወንጌልና በዛብህ እንዴት እንደ ተዋደዱም ልብ በሉ። እሱ ደሃ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ወደ ባላባቱ ቤት የገባው ሊያስተምራት ነው። ፍቅራቸው የተጀመረው በንባብ ላይ፣ ፊደል በመሐል ሆኖ ነው። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውን «ትዋይላይት» የሚባለውን የደም መጣጭ ፍቅር አንብበናል፤ ወደነዋልም፣ አንዋሽም። ነገር ግን እዚያ ልጁ ሌሊት ሌሊት ሳታውቀው ክፍሏ እየገባ፣ ተኝታ ሳለ ቁጭ ብሎ ያያታል፤ ይህም እንደ ትልቅ ፍቅር ይቆጠርለታል። እኛ አልቆጠርንለትም። ለተኛች ሰው መልስ የለም፤ ንባብ የሚማሩ ሁለት ሰዎች ግን ይጠያየቃሉ፣ ይከራከራሉ። ተመሳሳይ የፍቅር መጻሕፍትን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ቢሆን እንወዳለን፤ በዘንዶው ብዛት ሳይሆን፣ ልጂቱ ትናገራለች ወይ፣ ስትናገርስ ትሰማለች ወይ በሚለው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ንግግር እንመለስ፤ መንገድ የወጣች ልጅ ወዳለችው። ጦቢያ ልብሷን ለውጣ ወጣች። ሰብለ ወንጌልም ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ልብሷን ለውጣ ነው። አንዷ ዙፋን አገኘች፤ ሌላዋ መቃብር። ሁለቱም ግን በራሳቸው ልብስ መሄድ አልቻሉም። የታሪክ ጸሐፊው ይህን የሚጽፍበት ሰነድ የለው ይሆናል፤ ልብ ወለዱ ግን መዝግቦታል። የአንዲት ልጅ እግር ከቤት ደጃፍ እስከ ጎዳና ለመድረስ ምን እንደሚያስከፍል የምናውቀው ከዚህ ነው።

ነቃፊዎቻችን አንድ ነገር ላይ ትክክል ናቸው፤ እሱን እንቀበላለን። ጦቢያ የጦር አለቃ ልጅ ናት፤ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ። ሲጠፉ የሚፈለጉ፣ ሲያለቅሱ የሚሰሙ ናቸው። በዚያው ቤት እንጨት የለቀመችው፣ ውኃ የቀዳችው ገረድ የት ወጣች? ማንን ወደደች? ማንስ ልብስ አዋሳት? ተአምረኛው ልብ ወለድ እንኳ፣ ዘንዶ ለማብረር የማይቸግረው፣ እሷን መንገድ ማውጣት ከብዶት ቆይቷል። ይህ ግን ማንበብ አቁሙ የሚያሰኝ ሳይሆን፣ ጻፉ የሚያሰኝ ነው።

ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አንብባዋለች። በጋዜጣው ሽፋን ላይ ገና አልወሰነችም። ይህች መጽሔት ገጽ አላት፤ የሚቃወመን ይጻፍ። የገረዲቱን ታሪክ የሚጽፍ ቢገኝ ደግሞ ቦታችንን እንለቅለታለን።