381 ቀናት በእግር

ሮዛ ፓርክስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አጭር ታሪክ ነው። አንዲት ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም አለች፣ ታሰረች፣ አሜሪካም ተለወጠች። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን መሀሉ ተዘሏል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ስለተዘለለው ነው።

ቦታው በአላባማ ግዛት የምትገኘው ሞንትጎመሪ ከተማ ነው። በከተማዋ አውቶቡሶች ጥቁሮች የሚቀመጡት ከኋላ ነበር። የነጮቹ ወንበር ሲሞላ ደግሞ ከተቀመጡበት እንዲነሱ ይታዘዛሉ። የሚገርመው፣ ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ድርጅቱ የሚኖረው በእነሱ ሳንቲም ነበር ማለት ነው።

ሮዛ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን በዚሁ ምክንያት ታስራ ነበር። ሮዛ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ) ስትታሰር ግን ዝግጅት ነበር። ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት በዚያው ሌሊት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዝታ አደረች። ጥሪው አጭር ነው፦ ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር!

ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ዞሩ። ማታ ሕዝቡ ተሰብስቦ አድማው እንዲቀጥል ወሰነ። መሪ ሆኖ የተመረጠውም የ26 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር።

ግን ሠራተኛው በምን ይሂድ? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተሰባሰቡ፣ የራሳቸው መሳፈሪያ ቦታና ሰዓት ወጣላቸው። ቤንዚን ገንዘብ ይፈልጋል። ጆርጂያ ጊልሞር የተባለች ወጥ ቤት ሠራተኛ ሴቶችን አስተባብራ ምግብና ኬክ እየሸጠች ገቢውን ለአድማው ታስረክብ ነበር። መኪና ያልደረሰው በእግሩ ሄደ፤ በዝናብም፣ በብርድም።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እንኳ ትንሽ ነበር። ሾፌሮች እንዲያከብሯቸው፣ ቀድሞ የተቀመጠ እንዳይነሳ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሾፌር እንዲቀጠር ነው የጠየቁት። ይህም ተከለከለ። ጥር 30 ቀን 1956 ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ እያሉ የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። በቁጣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ኪንግ ራሱ አረጋግቶ ወደየቤቱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አደገ፦ መለያየቱ ራሱ ይቅር! ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካደረሱት ሴቶች አንዷ ያቺ ተማሪ ክላውዴት ነበረች።

ኅዳር 13 ቀን 1956 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ትእዛዙ ከተማዋ እስኪደርስ ግን መራመዳቸውን አላቆሙም። አድማው ያበቃው ታኅሣሥ 20 ነው፤ በአጠቃላይ 381 ቀናት!

ድሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ሮዛ ሥራዋን አጥታ በ1957 ከተማዋን ለቃ ወጣች። የክላውዴትን ስም ደግሞ ዓለም ለረጅም ዓመታት ረስቶት ኖረ።

እኛ ወጣቶች የትግልን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው ንግግር ባደረገው ሰው ላይ ነው። ወረቀት ያባዛችውን፣ ኬክ የሸጠችውን፣ ጫማው እስኪያልቅ የተራመደውንም እናስታውስ። ያለ እነሱ የመጀመሪያው ሰኞ ሁለተኛ ቀን አይኖረውም ነበር።