ከቃሬዛ እስከ ኮከብ

ሰቆጣ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ነርሱም ዶክተር፣ ክትባት የምትሰጠዋም ዶክተር፣ አንዳንዴ ካርድ የሚያወጣውም ዶክተር። ነርሱ ከጦሩ የመጣ ከሆነ ደግሞ «ሻምበል» ይታከልበታል፤ ሃምሳ አለቃ ይሁን ምን ይሁን ማን ይጠይቃል? ወታደር ቤት ግን ይጠይቃል። እዚያ በባለሌላ ማዕረግና በመኮንን መካከል ግድግዳ አለ። አሥር ዓመት ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ግድግዳውን የሚሻገረው በእጁ ልምድ ሳይሆን በትምህርት ማስረጃው ነው። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ደግሞ ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት ብዙ እጅ ሥራውን የለመደባት ምድር ናት።

በዋግ ገዥዎች፣ በዋግሹሞቹ፣ ዘመን የጦር ሐኪም የሚባል ሹመት አልነበረም። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ ምርጫ ሲሸነፉም፣ ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. የዋግን ጦር ይዘው ወደዚያው ሲዘምቱም፣ ቁስለኛውን የሚያነሳው ጓደኛው፣ አጥንቱን የሚጠግነው ወጌሻ፣ ውሃ የምታቀምሰው ስንቅ ተሸክማ የተከተለች ሴት ነበረች። ወጌሻውም ቢሆን ከዘማቹ አንዱ ነው። ቀን ሲዋጋ ውሎ ማታ በእንጨት ስንጥር እግር ያስራል። ለዚህ ሥራው የተለየ ስም አልወጣለትም።

ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል አዲስ አበባ መጥቶ ቁስለኛ አከመ። ለሰሜኑ ደጋ ግን ሆስፒታል ማለት ለረጅም ጊዜ ወሬ ብቻ ነበር። ወሬው በድንኳን ተመስሎ የመጣው በጣሊያን ጦርነት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዓመት ሳይሞላው በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ከሰቆጣ ብዙም በማትርቀው ኮረም ድንኳኑን ተከለ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች የቀይ መስቀል ምልክት የተነጠፈበትን ያንን ሰፈር ደበደቡት።

ኮረም ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ከግንባር የሚመጣው ወታደር ሁሉ ጥይት የመታው አልነበረም። የጣሊያን መርዝ ጋዝ ቅጠሉም ሣሩም ላይ ተንጠባጥቦ ስለሚቆይ ባዶ እግሩን የረገጠው ሁሉ እግሩ ይቃጠላል። ቆዳው ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ፋሻው ሲፈታ አብሮ ይላጣል። ሐኪሙ ጥቂት፣ ሕመምተኛው በመቶ የሚቆጠር ሲሆን ፋሻ የመፍታቱና የማሰሩ ሥራ እዚያ ላሉት የአገር ልጆች ይደርሳል። ለነዚያ ሰዎች ትምህርት ቤታቸው ያ ድንኳን ነበር፤ የምስክር ወረቀት የሰጣቸው የለም። በቀጣዩ ዓመት የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ላይ ሲነሡና በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሰዉ ድንኳኑም አልነበረም።

አሁን ወደ ሌላው በር፣ ወደ ትምህርት ቤቱ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን፣ ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ተምራ በ1931 ዓ.ም. ነርስ ሆነች። የንጉሥ ልጅ የሰው ሽንት ዕቃ ስትደፋ ማሰብ ለዘመኑ መኳንንት ቀላል አልነበረም፤ ነርስነትን ከገረድ ሥራ ለይቶ ያስከበረው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ከወታደሩ አቢይ አበበ ጋር ተጋብታ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ገና በወጣትነቷ ሞተች። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ አሰባስባ ያሠራችላት መታሰቢያ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረው። ይኸው ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። የነርሷ ልዕልት ስም ወርዶ የወታደሩ ስም ወጣ። ስሟ ባይነሳ እመርጥ ነበር፤ ነርስና ወታደርን በአንድ ግቢ ያገናኘ ቤት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ነርሶቹ በትምህርት ቤት በር ሲገቡ ወታደሩ በጓሮ በር ገባ፤ ስሙም ድሬሰር ሆነ። ድሬሰር አጭር ሥልጠና ወስዶ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚያድል ነው። ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ከ120 በላይ ሞቶበት ከ500 በላይ ሲቆስልበት ቁስለኛውን ከኮረብታ ያወረዱት ስማቸው የማይጠራ እንዲህ ያሉ እጆች ናቸው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንንና የኅብረተሰብ ነርስ ማሠልጠን ቢጀምርም፣ ገጠሩ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ሐኪም ከጦሩ የተሰናበተ ድሬሰር ነበር። የብርጭቆ ሲሪንጁ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቡታጋዝ ላይ ይንተከተካል፤ የደነዘዘው መርፌ በድንጋይ ይሳላል፤ በሽተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ፔኒሲሊን ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ያመዋላ!

ዋግ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው በኅዳር 1973 ዓ.ም. ደርግን የሚዋጋው ታጣቂ ድርጅት ኢሕዴን በዚያው ምድር፣ ተክራርዋ፣ ሲመሠረት ነው። በታጋዩ ሠራዊት ማዕረግ የለም፤ ኮከብ የለም፤ የጤና ዲፕሎማ ያለውም ጥቂት ነው። ቁስለኛ በቃሬዛ ገደል ለገደል ሌሊት ይጓዛል፤ ሐኪም የሚባለው ትናንት ጠመንጃ የያዘው ልጅ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም መጠለያ ጣቢያ ላይ ዓለም ካሜራውን ሲያነሣ ደጋው ውስጥ ተቅማጥና ኩፍኝ የሚያክመው እንዲህ ያለ እጅ ነበር። ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የታጋዩ ሐኪም ማዕረግም ወረቀትም ዘግይተው መጡለት። ከተሸናፊው ሠራዊት የተበተነው ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ግን፣ ውስጡ የነበረው ድሬሰር ሁሉ ጭምር፣ ወደ ቀዬው ሄደ። አገሪቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ሰው አጥታ ሳለ ያን ሁሉ የሠለጠነ እጅ መሰናበቷ እስካሁን ያስቆጨኛል።

ግድግዳው የኛ ብቻ ነው ያለ ካለ አሜሪካን ይይ። የጦሩ የነርሶች ክፍል እ.ኤ.አ. በ1901 ቢቋቋምም ለሴቶቹ ቋሚ የመኮንንነት ማዕረግ የተፈቀደው በ1947 ነው። ወንድ ነርስ ደግሞ ከዚያም በኋላ ስምንት ዓመት፣ እስከ 1955፣ መኮንን መሆን አይችልም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈቃድ ያለው ወንድ ነርስ ተራ ወታደር ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ የዚያ ጦር ወታደር ደመወዙ ሳይቋረጥ በነርሲንግ ዲግሪ ተምሮ በሁለተኛ ሌተናንትነት፣ በኛ አነጋገር በምክትል መቶ አለቃነት፣ የሚወጣበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጦሩ ለተወሰነ ጊዜ ቋንቋ አዋቂ ስደተኞችን ሲመለምል አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር የሐበሻ ልጆችም በዚያ በር ገብተዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ነርሲንግ የሐበሻ ሙያ ሆኗል እየተባለ ይቀለዳል፤ በወታደር ጫማ የሄዱበት ግን ብዙም አይወራላቸውም።

በአገር ቤት የመከላከያ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከጦሩ የመጣውን ወታደር ተቀብሎ ነርስና ጤና መኮንን አድርጎ ያስመርቃል። ሰቆጣም የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት፤ የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳንም በስሟ ይጠራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ሲገባና ጤና ጣቢያዎች ሲራቆቱ ግን የጓሮው በር እንደገና ተከፈተ፤ ያገኘው ሰው ያገኘውን ቁስል አሰረ።

አንድ ጊዜ በጦር ሆስፒታል ጓደኛ ልጠይቅ ገብቼ ከጎኑ የተኛ የዋግ፣ የጻግብጂ ልጅ አየሁ። ነርሷ መጣች፤ ግሉኮሱን አስተካከለች። «ሲስተር፣ ውሃ» አላት። ጎረቤቱ ክርኑን ነካ አድርጎ «ሻምበል ናት'ኮ!» አለው በሹክሹክታ። ልጁ ደንግጦ ግሉኮስ የተሰካበትን እጁን ይዞ ለሰላምታ ሊነሣ ሲሞክር በትከሻው ያዘችውና መልሳ አስተኛችው። በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ስትለው ከት ብሎ ሳቀ። ምን እንዳለችው ጠየቅሁት። ሊነግረኝ አልፈለገም።