ምጣድ ሲሰካ የሚደነግጠው አምፖል

ጀሞ ወይም ለቡ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ምጣዷን ስትሰካ የሳሎናችን ባለ ክር አምፖል ይደነግጣል፤ ስትነቅል ነፍስ ይዘራል። እኛም "እንጀራ እየተጋገረ ነው" ብለን እናልፋለን።

ቀልዱ የሚያበቃው ያው አምፖል ላቦራቶሪ ሲገባ ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያ ብርሃን በናሙና ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይለካል። ለደም ስኳር ምርመራ ናሙናው ቀለም በሚሰጥ ኬሚካል ይለወሳል፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል፣ ብርሃንም ይውጣል። እንግዲህ አምፖሉ በመሀል ቢደክምስ? መሣሪያው ስኳር የበዛ ይመስለዋል። ባለ ክር አምፖል ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው ደህና መሣሪያ የራሱ የኃይል ማረጋጊያ የሚኖረው፣ ከሥራ በፊትም ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሞቀው። ብልጦቹ ብርሃኑን ለሁለት ከፍለው አንዱን በናሙናው፣ ሌላውን በባዶ መንገድ ይሰዱታል። አምፖሉ ቢደክም ለሁለቱም እኩል ይደክማል።

ይህ የብርሃኑ ብዛት ነው። ቀለሙስ? የክፍለ ከተማችን ግማሽ ስም፣ ነፋስ ስልክ፣ የመጣው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ሬዲዮም የብርሃን ዘመድ ነው፤ ሞገዱ ረዘመ እንጂ። ሞገዱ የሚንሸራተት ጣቢያ በቅጡ አይሰማም፤ ቀለሙ የሚንሸራተት መብራትም ለማስመሪያነት አይሆንም።

የማይንሸራተተውን ኩሽናችን ውስጥ አይተነዋል። ሽሮ ገንፍሎ ቡታጋዙ ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የጨው ሶዲየም ነው፣ 589 ናኖሜትር አካባቢ። ፍራውንሆፈር በ1814 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያያቸውን ጥቁር መስመሮች በፊደል ሲሰይም እዚያ ቦታ ላይ ያለውን "ዲ" አለው። በ1859 ሃይድልበርግ ላይ ኪርሆፍና ቡንሰን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች እንዳሉት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሜርኩሪ ወይም ኒዮን የያዘ መብራት ራሱ ማስመሪያ ሆነ።

ሳይንቲስት ግን ጠግቦ አያውቅም። የሶዲየም ቢጫ ቀረብ ብለው ሲያዩት ሁለት መስመር ነው። ማይክልሰን በ1892 እና 1893 ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ሄዶ ሜትሩን በካድሚየም ቀይ ብርሃን ለካው፤ 1,553,163 ተኩል ሞገድ ገደማ። በ1960 ደግሞ ሜትር ማለት የክሪፕቶን 86 ብርቱካናማ ብርሃን 1,650,763.73 ሞገድ ነው ተባለ። መብራቱ የሚሠራው ከዜሮ በታች 210 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነበር፤ የሞቀ አቶም ይሯሯጣል፣ ሲሯሯጥም መስመሩን ያደበዝዘዋል።

አገራችን የሜትሪክ መለኪያን በአዋጅ የደነገገችው በ1963 ነው። መርካቶ አቡጀዲ በክንድ ሲለካ ለኖረ ነጋዴ የመጣለት ሜትር፣ በወረቀት ደረጃ፣ የቀዘቀዘ መብራት ቀለም ነበር! (ማንም የነገረው አይመስለንም።) በ1983 ሜትር በብርሃን ፍጥነት ተተረጎመ፤ የክሪፕቶኑንም ቦታ በአዮዲን የተረጋጋ ሌዘር ወሰደው።

ክሊኒክ ድረስ የወረደው ግን የመብራቱ ዘዴ ነው። ብዙ ስፔክትሮፎቶሜትሮች ሲበሩ ከራሳቸው የዲዩቴሪየም መብራት 656.1 ናኖሜትር ላይ ያለችውን መስመር ፈልገው ራሳቸውን ያርማሉ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሞቁም ፍለጋውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ውጭ አግዳሚ ላይ ውጤት የሚጠብቀው በሽተኛ ግን "ምን ሆነው ነው የሚያቆዩን?" ይላል።