መሐንዲስ ሞሪስ ኩክና የገጠር መብራት ማኅበሮች



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የሩቅ አገር ሰው ልናጫውታችሁ ወደናል። ሰውየው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር ሞሪስ ሉዌሊን ኩክ ናቸው። «የፈረንጅ መሐንዲስ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ያነበበ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ኩክ በ1872 በፔንሲልቬንያ ተወልደው በ1895 ከሊሃይ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ። ከታወቀው ከፍሬድሪክ ቴይለር ጋር ሠርተው፣ አንድን ሥራ በየክፍሉ እየለዩ የሚፈጀውን ጊዜና ገንዘብ መለካትን ተማሩ። ከ1912 ጀምሮ የፊላደልፊያ ከተማ የሕዝብ ሥራዎች ዲሬክተር ሳሉ፣ የመብራቱ ዋጋ ከልክ አልፏል ብለው ከኩባንያው ጋር ተሟግተው አስቀነሱ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጥያቄ አልለቀቀቻቸውም፤ ኤሌክትሪክን አምርቶ እስከ ሰው ደጃፍ ለማድረስ በእውነት ስንት ይፈጃል?

በ1923 የፔንሲልቬንያው አገረ ገዥ ጊፎርድ ፒንሾ ባስጀመሩት ጥናት፣ ኤሌክትሪክ በከሰል ማዕድን አጠገብ በብዛት ተመርቶ በረጅም መስመር እስከ ገበሬው ይድረስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ግን አልተቀበለውም።

ያን ጊዜ የአሜሪካ ገጠር እንዴት ነበር? በ1935 ከተማው በመብራት ሲያሸበርቅ፣ ከአሥር ገበሬዎች ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት በላምባ ያመሻሉ። ሴቶቹ ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ፣ ልብስ በእጃቸው ያጥባሉ፣ ካውያውን በምድጃ ላይ እያጋሉ ይተኩሳሉ። ኩባንያዎቹ ግን ቤቶቹ ተራርቀዋል፣ የአንድ ማይል መስመር እስከ 2,000 ዶላር ይፈጃል፣ ገበሬ ደግሞ ብዙ መብራት አይጠቀምም ይሉ ነበር። ገበሬው ከጠየቀም የመስመሩን ዋጋ አንተው ክፈል ይባላል። ከየት አምጥቶ?

ግንቦት ወር 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ሲያቋቁሙ ሚስተር ኩክን የመጀመሪያው ኃላፊ አደረጉ። ሚስተር ኩክ በመጀመሪያ ተስፋ ያደረጉት ኩባንያዎቹ ከመንግሥት ተበድረው መስመሩን እንዲዘረጉ ነበር። ገበሬ ማኅበር መሥርቶ የኤሌክትሪክ ሥራ ይመራል ብለው እምብዛም አላመኑም። ኩባንያዎቹ ግን ብድሩን ሲጠይቁ ዋጋ ለመቀነስ አልፈቀዱም፤ ጭራሽ መብራት የሚያስፈልገው ገበሬ አብዛኛው አግኝቷል አሉ። ተደራጅቶ የመጣው ያው የተጠራጠሩት ገበሬ ሆነ። በግንቦት 1936 በሴናተር ኖሪስና በእንደራሴው ሬይበርን አቅራቢነት የወጣው ሕግ በአሥር ዓመት 410 ሚሊዮን ዶላር ለብድር ሲፈቅድ፣ ቅድሚያውን ለሕዝብ ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበሮች ሰጠ።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባሉ 5 ዶላር መመዝገቢያ ያዋጣል። በዚያ የችግር ዘመን 5 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ጎረቤት ጎረቤቱን ቤት ለቤት እየዞረ ያስመዘግባል። ምሰሶው በእርሻው ሲያልፍ ካሳ አይጠይቅም። ሀብታምም ሆነ ድሃ ድምፁ አንድ ነው፤ የሥራ አመራሩንም ራሳቸው ይመርጣሉ። በብዙ ማኅበሮች አባሉ ቆጣሪውን ራሱ እያነበበ ይልክ ስለነበር የቆጣሪ አንባቢ ደመወዝ ቀረ። ብድሩም ስጦታ አይደለም፤ ከነወለዱ በረጅም ጊዜ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ዋጋውን ያወረደው ደግሞ ምሕንድስናው ነው። ውስጡ ብረት የሆነ ጠንካራ ሽቦ ስለተመረጠ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፣ የምሰሶውም ቁጥር ቀነሰ። ሠራተኛው በቡድን ተከፍሎ አንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ ሌላው ሽቦ እየዘረጋ ይከተላል። 2,000 ዶላር ይፈጃል የተባለው ማይል ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከ1,000 በታች ወረደ።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ዝም ብለው አላዩም። ማኅበር ሊቋቋም ነው ሲባል በአንዳንድ ቦታ ቶሎ ብለው ደህና ደህና ገበሬዎች ባሉበት ብቻ መስመር ይዘረጋሉ። ጥሩ ከፋዩ ከተወሰደ ለቀሩት ድሆች ብቻ መስመር መዘርጋት ወጪውን አይችልም። ስለዚህ ማኅበሮቹ የያዙት መመሪያ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ማዳረስ ሆነ፤ ቅርብ ያለው ለሩቁ፣ ብዙ የሚጠቀመው ለትንሹ ይደግፋል። ሆኖም ሁሉም እኩል ደረሰው ማለት አይደለም። በተለይ በደቡቡ ክፍል ባለመሬቱ ቤቱን ሽቦ ካላስገባለት ጭሰኛው መስመሩ በደጁ እያለፈ በጨለማ የሚቆይበት ጊዜ ነበር።

ሚስተር ኩክ በ1937 ሥራውን ለቀቁ፤ ያረፉት በ1960 ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሥር ገበሬ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው መብራት ማግኘቱን ለማየት በቅተዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። የመሐንዲሱ ዕውቀት ዋጋውን አወረደ፣ መንግሥት አበደረ፤ መስመሩን እስከ መጨረሻው ቤት ያደረሰው ግን ጎረቤቱን ሳይመርጥ የመዘገበው አባል ነው። ዕድራችንም የቆመው በዚሁ ነው። ደህና ደህናውን ብቻ መዝግበን ብንቀመጥ ሣጥናችን ይሞላ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቤት ሐዘን ሲገባ ግን ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! በየመንደራችሁ ገና ያልተመዘገበ ጎረቤት ካለ ለጸሐፊው እንድትነግሩልን በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።