የጠፋው የመኪና ጐዳና

ሰው ዕቃ ቢጠፋበት ይፈልጋል፤ ከብት ቢጠፋበትም ዱካውን ተከትሎ ይሄዳል። ጐዳና ግን ይጠፋልን? ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በቤቶን የተነጠፈ፣ 65 ድልድዮች የነበሩት ጐዳና፣ ያውም በኒው ዮርክ ከተማ ደጃፍ፣ ጠፋ ብሎ የሚነግረን ሰው ቢመጣ ቀልድ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። በራዲዮ ሲነገር ጆሮ የሰማውን አሁን ዓይን በጽሕፈት እንዲያየው የምናቀርበው ታሪክ የዚሁ ጐዳና ታሪክ ነው፤ ደግሞም ፍርስራሹን በየቁጥቋጦውና በየሰው ጓሮ እየዞሩ የሚፈልጉት የአካባቢ ታሪክ ወዳጆች ሥራ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ከኒው ዮርክ ወደ ምሥራቅ ሎንግ አይላንድ የምትባል ረዥም ደሴት ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ትዘረጋለች። ምዕራባዊ ጫፏ ከከተማው ክፍል ነው፤ በዚያም ክዊንስ ይገኛል። ከዚያ ቀጥሎ የናሶ አውራጃ፣ ከናሶም ቀጥሎ የሰፎክ አውራጃ አለ። እነዚህን ሦስት ስሞች እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የጐዳናው ዕጣ በሦስቱ የተከፈለ ነውና። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ አብዛኛው አገር የድንችና የአትክልት እርሻ፣ መካከሉም ለጥ ያለ የሣር ሜዳ ነበረ። የኒው ዮርክ ባለጸጎችም በዚያ ታላላቅ ርስት ገዝተው የበጋ ቤት ይሠሩ ነበር።

ከነዚህ ባለጸጎች አንዱ ሚስተር ዊልያም ኪሳም ቫንደርቢልት ዳግማዊ ነበሩ። ቅድመ አያታቸው በመርከብና በምድር ባቡር የበለጸጉት ኮርኔልየስ ቫንደርቢልት ናቸው። የልጅ ልጅ ልጃቸው ግን ፍቅራቸው ለአውቶሞቢል ነበር። በጥር ወር 1904 በፍሎሪዳ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ መርሴዲስ መኪናቸውን በሰዓት 148 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው በዘመኑ ማንም ያልደረሰበትን ፍጥነት አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት በስማቸው የተጠራ ዋንጫ አቁመው በናሶ አውራጃ የሕዝብ መንገዶች ላይ የመኪና እሽቅድድም አስጀመሩ።

የሕዝብ መንገድ የተባለው እንግዲህ ገበሬው በጋሪ የሚሄድበት፣ ዶሮ የሚሻገርበት፣ አቧራው የሚጨስ መንገድ ነው። ተመልካቹም በገመድ ሳይከለከል እስከ መንገዱ መካከል እየወጣ መኪናው ሲደርስ ይበታተን ነበር። በ1906 በተደረገው እሽቅድድም አንድ ተመልካች በመኪና ተመትቶ ሞተ። የሰው ሁሉ ዓይን በአሸናፊው ላይ ባረፈበት ቀን አንድ ቤተሰብ ሬሳ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጐዳናውን ታሪክ ብዙዎች ከባለጸጋው ፍላጎት ቢጀምሩትም፣ በእኔ አስተያየት መጀመር የሚገባው ከዚህ ሞት ነው። ሚስተር ቫንደርቢልትና ባልንጀሮቻቸው ኩባንያ አቋቁመው፣ እንስሳም እግረኛም ጋሪም የማይገባበት፣ ለአውቶሞቢል ብቻ የተለየ ጐዳና ለመሥራት የቈረጡት ከዚህ በኋላ ነውና።

ሥራው የተጀመረው በሰኔ ወር 1908 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር 1900 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አልፎ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባበት ያው ዓመት ነው። እዚህ መኪናው መንገድ ሳይኖረው መጣ፤ እዚያ ደግሞ መኪናው ለራሱ ብቻ መንገድ ይሠራለት ጀመር።

ጐዳናው ሎንግ አይላንድ ሞተር ፓርክዌይ ተባለ። በአሜሪካ ለአውቶሞቢል ብቻ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ጐዳና ነው ይባላል። ወለሉ ብረት በገባበት ቤቶን ተነጠፈ። በኩርባዎቹ ላይ የውጭው ጠርዝ ከፍ እንዲል ተደርጐ ተሠራ፤ ይኸውም ፈጣን መኪና ሲዞር ወደ ውጭ እንዳይወረወር ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ሌላውን መንገድና የባቡር ሐዲዱን በመስቀለኛ ሳይገናኝ በድልድይ ከላይ ወይም ከታች ማለፉ ነው። እርሻው ለሁለት የተከፈለበት ገበሬ እንኳ ከብቱን የሚያሻግርበት ጠባብ ድልድይ ተሠራለት። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለው ፈጣን ጐዳና የሚከተለው ሥርዓት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በጥቅምት ወር 1908 ተከፈተ፤ በዚያው ወር የዋንጫው እሽቅድድም ከፊሉ በአዲሱ ጐዳና፣ ከፊሉ በሕዝብ መንገድ ላይ ተደርጐ ጆርጅ ሮበርትሰን በሎኮሞቢል መኪና አሸነፈ፤ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ያን ዋንጫ ሲወስድ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ እሽቅድድሙ ሰው መግደሉን አልተወም። በ1910 ሰዎች ሞተውበት ብዙዎችም ቈስለውበት ከሎንግ አይላንድ ጨርሶ ወጣ። ጐዳናው ግን ወደ ምሥራቅ እስከ ሮንኮንኮማ ሐይቅ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ክዊንስ እየረዘመ ሄደ።

በዚህ ጐዳና የሚያልፍ ሁሉ በኬላ ይከፍል ነበር። የኬላ ቤቶቹን የነደፉት ሚስተር ጆን ራስል ፖፕ ናቸው፤ ኋላ በዋሽንግቶን የጀፈርሰንን መታሰቢያ የነደፉት እርሳቸው ናቸው። ኬላ ጠባቂው ከነቤተሰቡ በዚያው ቤት ይኖራል፤ መኪና በሌሊት ቢመጣም ተነሥቶ ይከፍታል። ክፍያው በመጀመሪያ 2 ዶላር ነበር። ይህን ለማመዛዘን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1914 የፎርድ ፋብሪካ ለሠራተኛው በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ባለ ጊዜ አገር ጉድ እንዳለ ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ጐዳናው ከበሩ ጀምሮ የባለጸጎች ነበር። ኋላ ክፍያው ወደ 1 ዶላር ከሃምሳ፣ ከዚያ ወደ 1 ዶላር፣ በመጨረሻም ወደ 40 ሳንቲም ወረደ፤ መውረዱ ግን ኩባንያውን አላዳነውም።

መኪና ረክሶ ተራው ሰው ገዝቶ መንዳት በጀመረ ጊዜ፣ ለጥቂቶች ተብሎ የተሠራው ጠባብና ጠመዝማዛ ጐዳና አረጀ። ጠመዝማዛ የሆነበትም ምክንያት መሐንዲሶቹ ስለ ወደዱ አይደለም፤ መሬቱን አልሸጥም ያለ ባለርስት በገጠመ ቍጥር መንገዱ ዞሮለት ስለ ሄደ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት የፓርክና የመንገድ ሥራ ሥልጣን የያዙት ሚስተር ሮበርት ሞዝስ ኖርዘርን ስቴት ፓርክዌይ የተባለውን ሰፊ ጐዳና አቅራቢያው ላይ አሠሩ። ይህኛው ክፍያ የለበትም። (ነጻ ነው ሲባል ግን መኪና ላለው ነው፤ አውቶቡስና ካሚዮን አይገቡበትም ነበርና ድኻው አሁንም ከደጅ ነበረ።) በነጻ የሚሄድበት እያለ ማን ይከፍላል? ኩባንያው የመሬት ግብሩን መክፈል አቃተው፤ ውዝፉም ተከማቸ። ስለዚህ በ1938 በፋሲካ ዕለት፣ በሚያዝያ 17 ቀን፣ ጐዳናው ተዘጋ፤ መሬቱም ስለ ውዝፉ ግብር ለመንግሥት ተለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በመዝገብ ቤትና በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ሁሉ በተለይ እንድታስተውሉት እሻለሁ። አንድ የነበረው ጐዳና ለሦስት ባለሥልጣን ተከፈለ፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ፈረዱ።

የሰፎክ አውራጃ መንገዱን መንገድ አድርጎ አቆየው። ከዲክስ ሂልስ እስከ ሮንኮንኮማ ያለው ክፍል ዛሬ ቍጥሩ 67 የሆነ የአውራጃ ጐዳና ነው፤ የቫንደርቢልትን ስም እንደ ያዘ መኪና ይመላለስበታል። በማለዳ ወደ ሥራው የሚቸኵል ሰው በሜዳ ላይ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዝ ኩርባ ሲገጥመው ያማርር ይሆናል፤ ይህ ኩርባ ግን ከመቶ ዓመት በፊት መሬቱን የከለከለ የአንድ ባለርስት እምቢታ ነው። በክዊንስ ሚስተር ሞዝስ ከካኒንግሃም ፓርክ እስከ አሊ ፖንድ ፓርክ ያለውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያው በ1938 የቢስክሌት መንገድ አደረጉት፤ እስከ ዛሬም የቢስክሌትና የእግረኛ መንገድ ነው።

ናሶ ግን ሌላ ነው። በናሶ ጐዳናው በቁሙ ተበጣጠሰ። አንዱ ቍራጭ ለኤሌክትሪክ ኩባንያ የሽቦ ምሰሶ መትከያ ሆነ፤ ሌላውን ቤት ሠሪዎች ወሰዱት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ1947 ጀምሮ ሌቪታውን የተባለችው የሺህ ቤቶች መንደር የተሠራችው በዚያው አካባቢ ሲሆን፣ በ1908 ሕዝብ በሰገነት ተቀምጦ እሽቅድድሙን ይመለከትበት የነበረው ስፍራ ዛሬ በዚህች መንደር ውስጥ ነው። የታሪክ ወዳጆቹም ዋና ድካም በዚሁ በናሶ ነው፤ ቆሞ የሚታየውን ማንም ያየዋልና።

አፈላለጋቸውን ላውጋችሁ። በመጀመሪያ በ1914 የታተመውን የሎንግ አይላንድ ካርታ መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ በዚያ የባለርስቱ ስምና የመሬቱ ወሰን ከነጐዳናው መሥመር ተሥሎ ይገኛል። ቀጥለው ከአይሮፕላን የተነሡትን አሮጌ ፎቶግራፎች ከዛሬው ካርታ ጋር ያስተያያሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይገለጣል፤ የመንደሩ አጥሮች ሁሉ በአራት ማዕዘን ሲሄዱ፣ አንድ ወሰን ብቻ አግድም ተንጋዶ ከጓሮ ጓሮ ያልፋል። ቤት ሠሪው የቀማው ጐዳና በወሰን ድንጋይ ላይ ጥላውን ጥሎ ቀርቷል ማለት ነው። መዝገብ ቤት ያለው የርስት ደብተር ሰው የረሳውን እንዲህ ይዞ ይቆያል።

ከወረቀቱ በኋላ እግር ይከተላል። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ቁጥቋጦው ሲራቆት ይወጣሉ። በናሶ ሜዳ ምድሩ እንደ ገበታ የተስተካከለ ስለሆነ፣ በድንገት ጕብታ ቢያዩ ይጠራጠራሉ፤ ጐዳናው ሌላውን መንገድ በድልድይ ለመሻገር አፈር ተደልድሎለት ይወጣ ስለ ነበር፣ ድልድዩ ፈርሶ አፈሩ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ የድልድዩን የግንብ እግር ይፈልጋሉ። ከጐኑም የአጥሩን ምሰሶ ይፈልጋሉ፤ ኩባንያው ከብትና ሰው እንዳይገባ በጐዳናው ግራና ቀኝ የቤቶን ምሰሶ አቁሞ ሽቦ ወጥሮ ነበርና። ሽቦው ዝጎ አልቋል፤ ምሰሶው ግን አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ የዛፍ ሥር አቅፎት ይገኛል። ሁለት ምሰሶ በአንድ መሥመር ካገኙ ሦስተኛው የት ሊሆን እንደሚችል ለክተው ይሄዳሉ።

የተገኘውን ሁሉ ደግሞ አያምኑም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። አሮጌ ቤቶን ሁሉ የቫንደርቢልት አይደለም፤ የመጋዘን ወለል ወይም የእርሻ መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስፋቱን ይለካሉ፤ ከካርታው ጋር ያስተያያሉ፤ ካልገጠመ ይተዉታል። ስፍራውም የሰው ርስት ከሆነ ደጅ አንኳኵቶ ማስፈቀድ አለ። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ለአትክልቱ መደገፊያ ያደረገው ግንድ መሰል ነገር የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የጐዳና ምሰሶ መሆኑን ከእንግዳ አፍ ሊሰማ ይችላል። አንዳንዱ ደስ ብሎት ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ በሚቀጥለው ዓመት ነቅሎ ይጥለዋል። የተነቀለውን ምሰሶ ማንም አይመልሰውም። የሚቀረው ተነቅሎ ሳለ ሳይሆን ቆሞ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍና የተጻፈው ልክ ብቻ ነው። ሥራቸው ጥድፊያ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ጥድፊያው ፍሬ አላጣም። በጋርደን ሲቲ የነበረው የኬላ ቤት ሊፈርስ ከሚችልበት ስፍራ ተነሥቶ በ1989 በከተማው መካከል ቆመ፤ የነጋዴዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤትም ሆነ። የክዊንሱ ክፍል በ2002 በአገሪቱ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ጐዳናው በተከፈተ በመቶ ዓመቱ፣ በ2008፣ ሃዋርድ ክሮፕሊክና አል ቬሎቺ ፎቶግራፉን ሰብስበው ስለ ጐዳናው መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ኩባንያው ለደንበኞቹ ይሰጠው የነበረውን የብረት ምልክት ሳይቀር እየፈለጉ የሚሰበስቡ አሉ።

ከሁሉ የጐደለው የኬላ ጠባቂዎቹ ነገር ነው። የባለጸጋው ቤት ሴንተርፖርት ላይ ቤተ መዘክር ሆኖ ይጐበኛል፤ የአሸናፊው የሮበርትሰን መኪና በፎርድ ቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ በሌሊት ተነሥቶ በር ይከፍት የነበረውን ሰው የሚያስታውስ ግን ከዚያች ከጋርደን ሲቲ ቤት በቀር እምብዛም አይታይም። አሁን አንዳንዶቹ የታሪክ ወዳጆች ምሰሶ መፈለጉን ሳይተዉ የእነዚህን ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ከልጅ ልጆቻቸው እጅ ቢያፈላልጉ፣ በእኔ በኩል ከድልድዩ ግንብ የሚበልጥ ግኝት ነው እላለሁ።

ኒው ዮርክ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ እንደ ሆነ ወደ ክዊንስ ሄዶ ከካኒንግሃም ፓርክ በእግሩ ይጀምር በሉት። ብዙም ሳይርቅ በሰባ ሦስተኛው ጐዳና ላይ ከተሠራው ድልድይ ይደርሳል፤ ጠባብ ነው፣ መኪናው ከሥር ያልፋል፣ ቢስክሌቱ ከላይ። ወደ ጐን ዘወር ብሎ ሣሩን ቢመለከት ከነሽቦ ቀዳዳው የቆመ አሮጌ የቤቶን ምሰሶ ያገኛል።