የብረት ክንፍና የተሳላሚው መንገድ

የቀደሙት አባቶች ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሡ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰነባበቱት እንደማይመለስ ሰው ነበር። በእግርና በበቅሎ ወደ ባሕር ወርደው፣ በረሃውን አቋርጠው ዴር ሱልጣን የሚደርሱት ከወራት ድካም በኋላ ሲሆን፣ በመንገድ የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። ዛሬ ተሳላሚው በጥቂት ሰዓት ይደርሳል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ለምስጋናም ለጥንቃቄም ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች አካላቸው እንጨትና ጨርቅ ነበረ። እንጨት በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ጨርቅም በፀሐይና በዝናብ ይጎዳል። ሁጎ ዩንከርስ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ግን ሁለንተናው ብረት የሆነውን የመንገደኛ አይሮፕላን፣ ኤፍ 13ን፣ አሠራ፤ ይኸውም ሰኔ 18 ቀን 1911 ዓ.ም. መጀመሪያ በረረ። ገላው ዱራሉሚን፣ ማለት አሉሚኒየም ከመዳብና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ቀላልና ጠንካራ ብረት ነው። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሞገድ ስለ ነበረው ስስ ሳለ አይጎብጥም። የሚይዘው ግን 4 መንገደኞችን ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ የፈረንሳይ ሥራ የሆነው ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከዩንከርስ ፋብሪካ የወጣ አይሮፕላን ተከተለው። ሕዝቡም በአድናቆት ተቀበለ።

ዳሩ ግን አድናቆቱ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ። በተከታዩ ወር የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ከደሴው ድብደባ በ11ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 7፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲሲ 3 የተባለው የብረት አይሮፕላን መጀመሪያ በረረ። አንዱ ጥበብ በአንድ ወገን ሲገድል በሌላው ወገን መንገደኛ ሊያሳፍር ተዘጋጀ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ዲሲ 3፣ ሲ 47 ተብሎ፣ ወታደርና ስንቅ አመላለሰ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብጽ መራራ ሐይቅ፣ ኩዊንሲ በተባለ የጦር መርከብ ላይ ተገናኙ። በማግስቱ በዚያው መርከብ ላይ የሳዑዲው ንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተገናኙ፤ ሩዝቬልትም ለንጉሡ አንድ ዲሲ 3 አበረከቱ፤ ይህም ለዚያ አገር አየር መንገድ መጀመሪያ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ረዳትነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀንም ከጦር የተረፈ ሲ 47 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ያለው የነቢዩ የኢሳይያስ ቃል በዚህ ነገር ይታሰባል።

በሳዑዲ ምሥራቅ፣ ራካ በሚባለው ሰፈር አቅራቢያ፣ አሜሪካኖች የሠሩት የዘህራን አይሮፕላን ጣቢያ እስከ 1992 ዓ.ም. የደማምንና የኮበርን መንገደኞች አስተናገደ። ዛሬም ወደዚያ ወገን ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ፍለጋ በአየር ይሻገራሉ። እነርሱን የሚያሻግረውና ተሳላሚውን ወደ ቅዱሳት መካናት የሚያደርሰው አንድ ዓይነት ክንፍ ነው።

ስለዚህ ተሳላሚው መንገዱ ስላጠረ ጸሎቱን አያሳጥር። አባቶች በወራት ጉዞ ያገኙትን ትሕትና እርሱ በሰዓት ሊያገኘው አይቻለውምና፣ የተረፈውን ጊዜ ለንስሓ ይስጥ፤ በመቅደሱም ሲቆም በጦር የሞቱትን ነፍሳትና በባዕድ አገር የሚደክሙትን ስደተኞች ያስብ።