ቁልፍ የሌለው ሣጥን

ከጃፓን መዲና ከቶኪዮ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐኮኔ የሚባል ተራራማ አገር ይገኛል። ቶኪዮ ኤዶ እየተባለች የቶኩጋዋ ሾጉኖች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ወደ ኪዮቶ የሚያደርሰው ቶካይዶ የተሰኘው ታላቅ ጎዳና ይህን ተራራ አቋርጦ ያልፍ ነበር። በ1619 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሾጉኖቹ በተራራው ሐይቅ ዳርቻ ኬላ አቆሙ። በዚህ ኬላ ከሁሉ አብልጦ የሚፈተሸው ከኤዶ የምትወጣ ሴት ነበረች። የመሳፍንቱ ሚስቶች ባሎቻቸው እንዳያምፁ በመያዣነት ኤዶ እንዲቀመጡ ተገድደው ስለ ነበር፣ ከእነርሱ አንዷ ተሰውራ እንዳታመልጥ፣ ለዚሁ የተመደበች ሴት ፈታሽ የመንገደኛይቱን ሹሩባ ሳይቀር ፈትታ ትመረምር ነበር። የኋላ ኋላ በዓለም የታወቁት የምሥጢር ሣጥኖች የተወለዱት እንግዲህ የተሰወረውን ሁሉ ሲያስስ ከኖረ ከዚህ ኬላ አጠገብ ነው።

ጎዳናው ለገዢዎች መቆጣጠሪያ፣ ለተራራው ነዋሪ ግን እንጀራ ነበር። ከኦዳዋራ ወደ ሚሺማ ተራራውን ወጥቶ የሚወርደው መንገድ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ድንጋይ የተነጠፈበትን አቀበት የወጣ መንገደኛ በየሻይ ቤቱ ያርፋል፤ ሲያርፍም ለቤተሰቡ የሚወስደው ስጦታ ያማርጣል። ስጦታው በሰው ትከሻ የሚሄድ በመሆኑ ቀላል መሆን አለበት። ሐኮኔ ደግሞ ያላት እንጨት ነው፤ እንጨቱም ዓይነቱ ብዙ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ በምትገኘው በሐታጁኩ መንደር የኖረው ኢሺካዋ ጂንቤ (1790–1850) የደኑን ኅብረ ቀለም አይቶ፣ ዮሴጊ ዛይኩ የሚባለውን እንጨትን ከእንጨት አጋጥሞ ጌጥ የማውጣት ጥበብ እንደ ጀመረ ይነገራል።

የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው ሕግ ቀለም አለመቀባት ነው። ነጩም፣ ብጫውም፣ ቡናማውም፣ አረንጓዴ የሚመስለውም ዛፉ ከተፈጥሮው ይዞት የመጣው መልክ ነው። ሆኖኪ የተባለው ዛፍ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ይሰጣል፤ የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበው ዛፍ ቡናማ ይሰጣል፤ ለጥቁሩ ደግሞ ለብዙ ዘመን ከመሬት በታች ተቀብሮ የቆየ ግንድ ይፈለጋል። ባለሙያው እነዚህን በቀጫጭኑ ሰንጥቆ፣ በሙጫ አያይዞ፣ ቆርጦ፣ ቁርጡን ከቁርጥ መልሶ ያጣብቃል፤ በመጨረሻም መልኩ ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚሄድ አንድ ወፍራም ግንድ ያወጣል። ይህን ግንድ በትልቅ መላጊያ ሲልገው የሚነሣው ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። በሌላ አናጢ ቤት ፍቅፋቂ ተጠርጎ ወደ እሳት ይጣላል፤ በሐኮኔ ግን የሚፈለገው እርሱ ነው። የተጠቀለለው ተዘርግቶ፣ በተኩስ ተስተካክሎ በሣጥኑ ገጽ ላይ ይለጠፋል። በላዩም የዓሣና የእባብ ቅርፊት፣ የባሕር ማዕበል፣ የፍላጻ ላባ፣ በጃፓን ባህል የረዥም ዕድሜ ምልክት የሆነው ስድስት ማዕዘን ያለው የኤሊ ድንጋይ ይታያል። የአገሩ አራዊትና የአገሩ እምነት በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ ማለት ነው።

የሾጉኖቹ አገዛዝ ሲወድቅ ኬላው በ1869 ተሻረ። ከኬላው ይልቅ ለተራራው ሕዝብ የከበደው ግን የባቡር ሐዲዱ ነበር። በ1889 የተጠናቀቀው የቶካይዶ ሐዲድ ሐኮኔን ትቶ በሰሜን በኩል በጎቴምባ ዞሮ አለፈ። የጥንቱ እግረኛ ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ለፍል ውኃው የሚመጣው ጎብኚ የሐኮኔ ደንበኛ ሆነ። ይህ አዲሱ እንግዳ የሚቸኩልበት የለውም፤ ማታ ማታ በማረፊያ ቤቱ ተቀምጦ የሚጫወትበትን ይሻል። ሂሚትሱ ባኮ፣ ማለት የምሥጢር ሣጥን፣ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተደራጀው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ መሆኑ ስለዚህ እንዲያው የሆነ ነገር አይመስልም።

ሣጥኑ ቁልፍ የለውም፤ ማጠፊያ የለውም፤ ክዳኑ የትኛው እንደ ሆነም አይለይም። ከጎኖቹ አንዱ በጣት ሲገፋ ጥቂት ይንሸራተታል። ይህ መንሸራተት ሌላውን ጎን ነፃ ያወጣል፤ ያም ሲገፋ ሦስተኛውን ይፈታል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ በመጨረሻ ክዳኑ ይከፈታል። አንዱ ሣጥን በ4 እንቅስቃሴ ሲከፈት ሌላው 10፣ ሌላው 21፣ አንዳንዱም 54 እና 72 ይጠይቃል። አንዱን የዘለለ ወይም ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ባለበት ይቀራል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ጌጥ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። የሚንሸራተቱት ጎኖች የሚገናኙበት ስንጥቅ በተራ እንጨት ላይ ቢሆን ዓይን ወዲያው ይይዘው ነበር። በዮሴጊው መቶ መስመሮች መካከል ግን ያ አንድ መስመር ይጠፋል። ጌጡ መሰወሪያ፣ መሰወሪያውም ጌጥ ነው። በተውኔት ዓለም መጋረጃው ራሱ ተዋናይ ሲሆን እንደ ማየት ያለ ነው።

በአማርኛ «እንቆቅልህ» ያለ «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ያልታወቀው መልስ ተነግሮ ካላበቃ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። የሐኮኔው ሣጥንም እንደዚሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው አከፋፈቱ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ነው። ሌባ ለመከላከል የተሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሞኝነት በሆነ ነበር። እውነተኛው ምሥጢር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከፋቹ ሺህ ጊዜ ከፍቶ ሺህ ጊዜ ቢዘጋው በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹትን ቦዮችና ምላሶች አያያቸውም። እንጨቱ ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት፣ እርጥበት ሲያብጠው እንዳይጣበቅ፣ ሲደርቅ እንዳይላላ ምን ያህል ክፍተት እንደሚተውለት የሚያውቀው የሠሪው እጅ ነው። ይህ በወረቀት ታትሞ አይሸጥም። የሚተላለፈው ለዓመታት አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያይ ተለማማጅ ብቻ ነው፤ ተለማማጅ የጠፋበት ባለሙያ የሚሞተው ከነቦዩና ከነምላሱ ነው።

ከሣጥኑ ጎን ኩሚኪ የሚባል ወንድሙ አደገ። መነሻው የጃፓን አናጢዎች ቤተ መቅደስ ያለ ሚስማር ሲሠሩ የሚጠቀሙበት እንጨትን ከእንጨት የማያያዝ ብልሃት ነው። ያማናካ ጹኔታሮ (1874–1954) ይህን የግንብ ያህል ከባድ ዕውቀት ወደ መዳፍ አወረደው። ከእርሱ በኋላ እንስሳት፣ ቤቶችና ተሽከርካሪዎች ከትናንሽ የእንጨት ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ መሠራት ጀመሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁሉን አስሮ የሚይዝ አንድ ቁራጭ አለ፤ እርሱ ከተገኘና ከተመዘዘ እንስሳው ይበተናል። ማፍረሱ የልጅ ሥራ ነው፤ መልሶ እንስሳ ማድረግ ግን ብዙ አዋቂ አሳፍሯል። እነዚህ ዕቃዎች በውጭ አገር ገበያ የሕፃናት መጫወቻ ተብለው በርካሽ መሸጣቸው የሥራውን ክብር ዝቅ አድርጎታል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የጃፓን መንግሥት የሐኮኔን ዮሴጊ በ1984 በባህላዊ ዕደ ጥበብነት መዘገበው። ከ1997 ጀምሮም፣ በ1920 በተመሠረተው የዩኒቨርሲቲዎች የዱላ ቅብብል ሩጫ፣ ከቶኪዮ ሐኮኔ ድረስ የሚወስደውን የመጀመሪያ ቀን ጉዞ ያሸነፈ ቡድን የሚሸለመው ዋንጫ ከዚሁ ከዮሴጊ የተሠራ ነው። እግረኛ ያቆመው ጥበብ ለሯጭ ሽልማት ሆነ ማለት ነው።

የምሥጢር ሣጥኑን ወደ ሌላ ደረጃ ያደረሰው ግን የሐኮኔው ባለሙያ ካሜይ አኪዮ ነው። እርሱ ጎን መግፋቱ ብቻ አልበቃው አለ። ሣጥኑን በማዘንበል፣ በማሽከርከር፣ ከውስጥ ያለውን ክብደት በማንቀሳቀስ የሚከፈቱ ሥራዎች ፈጠረ፤ መልኩንም ከሣጥንነት አውጥቶ እንስሳ፣ ፍሬና የቤት ዕቃ አደረገው። ወጣት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ባቋቋመው ማኅበር እያንዳንዱ ሠሪ ሥራውን በስሙ ያወጣል፤ ስሙ ሳይታወቅ ለጎብኚ ሲሠራ ለኖረው የሐኮኔ አናጢ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የማኅበሩ አባል ደንበኞችም በየዓመቱ ከባለሙያዎቹ የወደዱትን ይመርጡና ዋጋውን አስቀድመው ከፍለው ይጠብቃሉ። ለገና የሚደርሳቸው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንደሚከፈት፣ ጥቅሉን እስኪፈቱ ድረስ አይነገራቸውም።